ሐሪም፣ ተዳፋትና ምንጭ፦ የጌዴኦን የመሬትና የአካባቢ ደንቦች በፊቅህ ሚዛን ስለ ማየት

ከዲላ ከተማ ወጣ ባለ አንድ ቀበሌ የሚገኝ የመስጂድ ኮሚቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጁሙዓ ሰጋጆችና ለመድረሳው ደረሳዎች የሚበቃ መጸዳጃ ሊያሠራ ተነሣ። የተመረጠው ቦታ ከመስጂዱ በታች ያለው ተዳፋት ነበር። ቦታውን ያየው የመንግሥት ባለሙያ ጉድጓዱ እዚያ ሊቆፈር እንደማይገባ ተናገረ፤ ከሥሩ፣ ስልሳ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የሰፈሩ ሰው የሚቀዳው ምንጭ ነበረና። የኮሚቴው አባላት «ቦታው ወቅፍ ነው፤ በገዛ ይዞታችን ማን ይከለክለናል?» ብለው ወደ እኛ መጡ። እኛም፣ ዛሬ ስንጽፈው የሚያሳፍረን ቢሆንም፣ ኪታብ ገልጠን ለእነርሱ የሚስማማውን መልስ ሰጠናቸው። ጉድጓዱ ተቆፈረ። በሁለተኛው በልግ ዝናቡ ሲበረታ ምንጩ ሸተተ፤ የሰፈሩ ሴቶችም እንስራቸውን ይዘው ሩቅ መሄድ ጀመሩ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን ያ መልስ ነው። ስለ መሬት አጠቃቀም፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ግንባታና ስለ መንገድ መንግሥት የሚያወጣቸው ደንቦች በብዙ መስጂዶቻችን ዘንድ የዲንን ነገር የማይነኩ የቢሮ ጉዳዮች ተደርገው ይታያሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ጭራሹን በዲን ላይ የመጡ ጫናዎች ይመስላሉ። የእኛ አቋም ግን ከእነዚህ ደንቦች ብዙዎቹ ፊቅህ «ሐሪም» እና «ጉዳትን ማስወገድ» በሚሉ ስሞች ለረጅም ዘመን ሲያስተምራቸው የኖሩ ነገሮች ናቸው የሚል ነው፤ በጌዴኦ ምድር ደግሞ እነዚህን መዘንጋት ከሌላው ቦታ ሁሉ ይልቅ ፈጥኖ ሰውን ይጎዳል።

የቦታው ጠባይ

በጌዴኦ አንድ ሰው ከሌላው ሰው በላይ ወይም በታች ሆኖ እንጂ ጎን ለጎን ሆኖ አይኖርም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዞኑ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ በቀጥታ ወደ ላይ የሚወጣ ተዳፋት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ840 ሺህ በላይ ሕዝብ የተመዘገበበት ሲሆን፣ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ማለት ነው፤ ይህ በአገራችን ገጠር እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት የሕዝብ ጥግግቶች አንዱ ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ በተዳፋት ላይ ያኖረው ዛፍ፣ እንሰትና ቡና ተደራርበው የሚበቅሉበት የጥምር እርሻ ሥርዓት ነው። ረጃጅሞቹ ዛፎች ጥላ ይሆናሉ፣ እንሰቱ ምግብ ይሆናል፣ ቡናው ገንዘብ ያመጣል፣ የሁሉም ሥር ደግሞ አፈሩን ይይዛል። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ ባካሄደው 45ኛ ጉባኤው የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር የመዘገበው ለዚህ ሥርዓት፣ ለትክል ድንጋዮቹና በትውልድ ለተጠበቁት ደኖች ነው።

አንዳንድ ወንድሞች እነዚህን ደኖች መጠበቅ ለሌላ እምነት ሥርዓት ድጋፍ መስጠት እንዳይሆን ይጠይቁናል። በደኑ ውስጥ በሚደረገው ሥርዓት አለመካፈል አንድ ነገር ነው፤ ዛፉን መቁረጥ ሌላ ነገር ነው። ዛፉ በማንም እምነት ስም ቢጠበቅ ከሥሩ የሚወጣውን ውሃ የሚጠጣው ሁሉም ነው። ነገሩን ከዚህ በላይ ማወሳሰብ አያስፈልግም።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋታማ መሬትን በሚመለከት ግልጽ መለኪያ አስቀምጦ ነበር። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት፣ ማለትም በመቶ ሜትር አግድም ርቀት ከ60 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ይልቁንም ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት እንዲውል ደነገገ። ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት እርከን ከተሠራ ብቻ ነው። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ለእኛ ግን የሚገርመው ነገር አለ። ሕጉ በቁጥር ያዘዘውን የጌዴኦ ገበሬ ቁጥሩን ሳይሰማ ሲሠራው ኖሯል። ዛሬ እንሰቱና ቡናው እየተነቀለ በቦታው ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ብቻ ሲተከል የምናየው ከሕጉ መምጣት በኋላ ነው። ጫትን በተመለከተ በመስጂዶቻችን የሚደረገው ክርክር ሁሉ በሚቅመው ሰው ላይ ሲያተኩር፣ ስለሚተከልበት ተዳፋት የሚናገር ኢማም እስካሁን አላጋጠመንም።

ተዳፋት ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ዲላ ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ በሆነችበት በዚሁ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከከባድ ዝናብ በኋላ በተከሰተ የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ቀድመው የተቀበሩትን ለማውጣት የተሯሯጡና ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ናቸው። አላህ ለወገኖቻቸው መጽናናትን ይስጥ። ስለ ተዳፋት የሚወጣ ደንብ በወረቀት ላይ ሲነበብ ደረቅ ነው፤ የሚጠብቀው ግን ነፍስን ነው፤ ነፍስን መጠበቅም ከሸሪዓ አምስቱ መሠረታዊ ዓላማዎች አንዱ መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አይጠበቅብንም።

ሐሪም ምንድን ነው?

«ሐሪም» በቋንቋ ደረጃ የተከለከለ፣ የማይደፈር ማለት ነው። በፊቅህ ሙት መሬትን ስለ ማልማት በሚናገረው ምዕራፍ ደግሞ አንድ ጉድጓድ፣ ምንጭ፣ ወንዝ ወይም ዛፍ ጥቅሙ እንዲሟላ በዙሪያው ያለ ሌላ ሰው ሊይዘው የማይችለው ቦታ ነው። በኢብን ማጃህ የተዘገበ ሐዲስ ጉድጓድ ለቆፈረ ሰው ለከብቶቹ ማረፊያ 40 ክንድ እንዳለው ያስረዳል። ሐነፊዮች ከዚህ ተነሥተው መጠኑን በቁጥር አስቀመጡ፤ ለከብት ማጠጫ ጉድጓድ 40፣ በአቡ ዩሱፍና በሙሐመድ እይታ በእንስሳ እየተሳበ ለሚያጠጣ ጉድጓድ 60፣ ለምንጭ ደግሞ 500 ክንድ። በምንጭና በጉድጓድ መካከል ያለው ይህ ሰፊ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል፤ ምንጭ የሚመገበው ከሩቅ ነውና።

በሻፊዒይ መዝሀብ ግን መለኪያው ቁጥር ሳይሆን ፍላጎትና ልማድ ነው። ኢማም አን-ነወዊይ በሚንሃጅ ስለ ከርሰ ምድር የውሃ መስመር ጉድጓዶች ሲናገሩ ሐሪማቸው ሌላ ሰው ቢቆፍርበት ውሃቸው የሚቀንስበት ወይም መደርመስ የሚያሰጋበት ርቀት ሁሉ መሆኑን ያስረዳሉ። እዚህ ላይ የውሃው መጠንና የመሬቱ መደርመስ በአንድ ዐረፍተ ነገር መነሣታቸው ለተዳፋት አገር ነዋሪ እንግዳ አይደለም። ዛሬ አንድ የውሃ ወይም የአፈር ባለሙያ ቦታ አይቶ «እዚህ አይቆፈርም» ሲል የሚመልሰው ጥያቄ ይኸው ነው። ኪታቡ መለኪያውን ሰጠ፤ መለኪያው በዚህ ኮረብታ ላይ ስንት ክንድ እንደሚሆን ግን መሬቱን የሚያውቅ ሰው ይናገራል። በግብይት ጠብ ላይ የዕቃ ዋጋ አዋቂዎችን ቃል የምንቀበለውን ያህል በዚህም የባለሙያን ቃል መቀበል ይገባናል።

የሰጠነው መልስና ስሕተቱ

አሁን ወደ መጸዳጃው ጉድጓድ እንመለስ። መልሳችንን ከባዶ አላመጣነውም። አን-ነወዊይ በረውዳ ባለይዞታ በገዛ መሬቱ የቆሻሻ ጉድጓድ ቢቆፍርና የጎረቤቱ ጉድጓድ ውሃ ቢበላሽ ድርጊቱ የተጠላ ቢሆንም በትክክለኛው እይታ እንደማይከለከል፣ ካሳም እንደማያስከፍል ይገልጻሉ፤ አል-ቀፋል በዚህ እንደተለዩም ያወሳሉ። በሚንሃጅም ሰው በይዞታው እንደ ልማዱ የመሥራት መብት አለው የሚለው መርሕ የታወቀ ነው። እኛ በዚህ ተመርኩዘን «የተጠላ ነው፣ አይከለከልም» አልን። ሰሚዎቻችን ደግሞ እንደተለመደው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ይዘው ሄዱ።

ኋላ ጉዳዩን ስንመረምር ሦስት ነገሮችን ዘለን ነበር። የመጀመሪያው፣ ይህ ፍርድ የተሰጠው አንድ ሰው በግል ንብረቱ ለሚያደርገው ነው። ወቅፍ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ አስተዳዳሪው የሚንቀሳቀሰው በመስለሓ ወሰን ብቻ ነው። «ይዞታችን ነው» የሚለው አባባል ከኮሚቴ አፍ ሲወጣ ገና ከመነሻው ስሕተት ነው፤ እኛም ያንን ሰምተን ማረም ሲገባን አለፍነው።

ሁለተኛው «እንደ ልማዱ» የሚለው ቃል ነው። ኢማሞቹ ከልማድ ያለፈ ካሳ እንደሚከፍል በዚያው ቦታ ይናገራሉ። የአንድ ቤተሰብ ጉድጓድና በየጁሙዓው ለብዙ መቶ ሰው የሚከፈት ጉድጓድ አንድ ልማድ የላቸውም። ሦስተኛው፣ የረውዳው ምሳሌ ስለ ጎረቤት የግል ጉድጓድ ሲሆን ከመስጂዱ ሥር ያለው ግን የሰፈሩ ሁሉ ምንጭ ነበር። ውሃ፣ ግጦሽና እሳት የጋራ መሆናቸውን የሚያስረዳው የአቡ ዳዉድ ዘገባ፣ እንዲሁም በውሃ መውረጃ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳትን የሚያወግዘው ሐዲስ እዚህ ላይ መቅረብ ሲገባቸው እኛ ግን ጎረቤት ከጎረቤት የሚከራከርበትን ምዕራፍ ገለጥን።

ከሌሎቹ መዝሀቦች ጋር ብናስተያየው ደግሞ የበለጠ ይታያል። ማሊኪዮችና የኋለኞቹ ሐነፊዮች ባለቤት በገዛ ንብረቱም ቢሆን ከባድ ጉዳት እንዳያደርስ ይከለክላሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዑስማኒያ መንግሥት የተጠናቀረው መጀላ በ1212ኛው አንቀጹ ያነሣው የእኛኑ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል። ከሰው ጉድጓድ አጠገብ የቆሻሻ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው ከተበላሸ ጉዳቱ እንዲወገድ፣ ማስወገድ ካልተቻለም የቆሻሻው ጉድጓድ እንዲደፈን ይደነግጋል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በ1225ኛው አንቀጽ ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክ፣ ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፣ ሽታና ድምፅ እንዳያደርስ ይከለክላል። ድምፅ የሚለውን የጻፍነው ሆን ብለን ነው፤ የድምፅ ማጉያዎቻችንን አቅጣጫና መጠን የሚመለከት ጥያቄ ሲመጣ ወዲያው እንደ ጥቃት አንቁጠረው።

ደንቡን ያወጣው መንግሥት የሙስሊሞች ኢማም ስላልሆነ መታዘዝ አይገባም የሚል ክርክርም ይነሣል። እኛ ወደዚያ መሄድ አያስፈልግም እንላለን። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት የአምልኮ ቦታ በጨረታ ሳይሆን በምደባ ይሰጣል። የሚመደበው ከፕላንና ከአጠቃቀም ግዴታዎች ጋር ነው፤ ኮሚቴው ፈርሞ ይቀበላል። ሙስሊም በገባው ስምምነት የሚጸና መሆኑን የሚናገረውን ሐዲስ ለደረሳዎቻችን እያስተማርን የራሳችንን ፊርማ ልንረሳ አንችልም። ገጠር ባለው ይዞታም ቢሆን የሰፈሩ ሰው በሰላም አብሮን የሚኖረው እንዲህ ያለው ወሰን እንደሚጠበቅ ተማምኖ ነው። በጌዴኦ አብዛኛው ጎረቤታችን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተከታይ መሆኑ የጎረቤትን ሐቅ አይቀንስም። ዐብዱላህ ኢብን ዐምር በግ ታርዶ ሳለ ለአይሁዳዊ ጎረቤታቸው ደርሶት እንደሆነ ደጋግመው መጠየቃቸው በአቡ ዳዉድና በቲርሚዚይ ተዘግቧል።

የቡና ውሃ

ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና ሲለቀም፣ በይርጋጨፌ፣ በወናጎ፣ በኮቸሬና በገደብ የመፈልፈያ ጣቢያዎች ሥራ ይበዛል። ቀዩ ፍሬ ተፈልፍሎ ገለፈቱ ይለያል፤ ልጋጉ እንዲለቅ ፍሬው በገንዳ ውስጥ ይብላላል፤ ከዚያ በብዙ ውሃ ታጥቦ በአልጋ ላይ ይሰጣል። የአካባቢውን ቡና በዓለም ያስከበረው ይህ የማጠብ ሥራ ነው። የታጠበበት ውሃ ግን ስኳርና ገለፈት ተሸክሞ ይወጣል። ሳይጠራቀም ወደ ወንዝ ከተለቀቀ ይኮመጥጣል፣ ይጠቁራል፣ በውስጡ ያለውን አየር ተህዋስያን ይጨርሱታል፤ በውሃው ያለ ነፍስም ይሞታል። ወንዙ ደግሞ እዚያው አይቀርም፤ ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው ብዙው ውሃ በጊዳቦ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ይሄዳል።

ለመምህራን የሚጠቅም አንድ የጠሃራ መስአላ እዚህ አለ። የቡና ገለፈት ነጃሳ አይደለም፤ ጣሂር ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ሰው ውሃው አልተነጀሰም ብሎ ዉዱእ ሊያደርግበት ይችላል? በሻፊዒይ መዝሀብ ውሃ ሊጠበቅበት ከሚቻል ጣሂር ነገር ጋር ተቀላቅሎ «ውሃ» የሚለውን ስም እስከሚያጣ ድረስ ጣዕሙ፣ ቀለሙ ወይም ሽታው ከተለወጠ ራሱ ጣሂር ቢሆንም ሌላውን አያጠራም። በቡና ወቅት ከጣቢያ በታች ያለ ወንዝ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል። እንግዲህ ላይ ያለው ባለጣቢያ የታችኛውን ሰው የከብቱን ማጠጫ ብቻ ሳይሆን ዉዱኡንም ይወስድበታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና በመህዙር ወንዝ ጉዳይ የላይኛው ውሃውን እስከ ቁርጭምጭሚት ይዞ ከዚያ ለታችኛው እንዲለቅ ፈርደዋል። የላይኛው መብት ወሰን ያለው ስለ ብዛት ከሆነ ስለ ጥራት ይበልጥ ይሆናል። በቡኻሪ የተዘገበው የመርከቡ ሐዲስ፣ የታችኞቹ ተሳፋሪዎች ውሃ ለማግኘት የድርሻቸውን ወለል ሊበሱ የተነሡበት፣ ለዚህ ትምህርት የተሠራ ይመስላል፤ በእኛ ተራራ ላይ ግን የሚበሱት የላይኞቹ ናቸው።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። ውሃው ማቆሪያ ጉድጓድ ውስጥ እንዲያርፍ ማድረግ፣ ገለፈቱን ለኮምፖስት ማዋል፣ የማጠቢያውን ውሃ ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል። ብዙ የቡና ነጋዴዎች በጀመዓችን ውስጥ አሉ፤ ዘካቸውን የሚጠይቁንን ያህል ስለዚህ ውሃ አይጠይቁንም፤ እኛም አንነግራቸውም።

በዚህ ላይ ኢማሞች ሊያውቁት የሚገባ የሕግ በር አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ11ኛው አንቀጹ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ብክለት በሚያደርስ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ክስ ማቅረብ ይችላል። በሌሎች ክሶች የሚጠየቀው «አንተን ምን አገባህ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ተነሥቷል። ፊቅህን የሚያውቅ ሰው ይህን ወዲያው ይለየዋል፤ የሒስባ ክስ የሚባለው፣ የአላህ ሐቅ በተነካበት ነገር ማንም ሙስሊም ያለ ግል ጥቅም የሚያቀርበው አቤቱታ፣ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በዚያው ዓመት የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር፣ የጥናቱም ሪፖርት ለሕዝብ ቀርቦ የሚነካቸው ሰዎች አስተያየት እንዲሰጡ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲጠራ የመስጂዱ ሰው ወንበር ባዶ እንዳይሆን እንመክራለን።

መንገድና ካሳ

ዲላ ከአዲስ አበባ በሐዋሳ አድርጎ ወደ ሞያሌ በሚወርደው ዋና መንገድ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። መንገዱ ዳር መስጂድ መገንባት ወይም ሱቅ አውጥቶ ለመስጂዱ ገቢ ማድረግ ፈተናው ብዙ ነው። አል-ማወርዲይ (450 ዓ.ሂ. ያረፉት) በአሕካሙ ሱልጣኒያ ሙህተሲቡ በመተላለፊያ መንገድ ላይ የሚገነባውን እንዲከለክል፣ ግንባታው መስጂድ ቢሆን እንኳ፣ ያዛሉ፤ መንገድ ለመሄጃ እንጂ ለሕንፃ አይደለምና። ከዚህ የበለጠ መናገር አያስፈልግም።

ደንቡ ግን በአንድ ወገን ብቻ አይሠራም። መንገድ ሲሰፋ ይዞታው የሚወሰድበት ሰው ሐቅ አለው። ዑመር (ረ.ዐ.) የመካን መስጂድ ሲያሰፉ በዙሪያው ያሉትን ቤቶች ገዝተው፣ እምቢ ያሉትን ቤት አፍርሰው ዋጋውን ባለቤቶቹ እስኪወስዱት አስቀምጠውላቸዋል። የሕዝብ ጥቅም ቤቱን አስለቀቀ፤ ዋጋውን ግን አላስቀረም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ስለ ካሳና ስለ ተነሺዎች መልሶ መቋቋም በዝርዝር ይደነግጋል። ስለዚህ ለጀመዓው «ደንቡን አክብሩ» የሚል ኢማም ካሳው የዘገየበት አባት ሲመጣ አቤቱታውን አብሮ መጻፍ አለበት። አንዱን አድርጎ ሌላውን መተው በሰው ዘንድ ቃሉን ያረክሰዋል፤ ብዙ ጊዜም ደንብን ያስጠላው ይህ ነው።

የመጸዳጃውን ጉዳይ ጨርሰን እንለያይ። መልሳችንን በይፋ ካነሣን በኋላ ጉድጓዱ ተደፍኖ አዲሱ ከመስጂዱ በስተ ላይ፣ ውሃው ወደ ሌላ አቅጣጫ በሚወርድበት በኩል፣ ባለሙያው ባመለከተው ቦታ ተቆፈረ። ምንጩም በጀመዓውና በሰፈሩ ሰው መዋጮ ጎልብቶ ተከደነ። የቀረው የወጪው ጥያቄ ነበር። ለመጀመሪያው ጉድጓድ የወጣውን ገንዘብ ወቅፉ ይሸከመው፣ ወይስ ባለሙያው እያስጠነቀቃቸው ያስቆፈሩት አስተዳዳሪዎች? ወይስ ፈትዋ የሰጠነው እኛ? አቡ ኢስሓቅ አል-ኢስፈራዪኒይ ሙፍቲ በፈትዋው ንብረት ጠፍቶ ግልጽና ቁርጥ ያለ ማስረጃን መጣሱ ከታወቀ፣ ለፈትዋ ብቁ ከሆነ ይከፍላል፤ ብቁ ካልሆነ ግን አይከፍልም፣ ጥፋቱ የጠየቀው ሰው ነው ይላሉ። የእኛ ጉዳይ ቁርጥ ያለ ማስረጃን የጣሰ ስላልሆነ በዚህ መለኪያ ዕዳ አልነበረብንም። ሆኖም ከኮሚቴው አባላት ጋር ተቀምጠን ወጪውን እኩል ተካፈልን፤ ከወቅፉ ገንዘብ ምንም አልተነካም።